ከገበያ የተሰበሰበ የመገጣጠሚያ ሕመም ማሟያ ለወራት ወስጃለሁ፤ አሁን ምን ላድርግ? የፋርማሲ ባለሙያ ምላሽ

ጥያቄ፦ «ለጉልበትና ለጣት መገጣጠሚያ ሕመም ‹ከዕፅዋት ብቻ የተዘጋጀ› የሚል ጽሑፍ ያለበት እንክብል ለወራት ስወስድ ቆይቻለሁ። ሕመሙ በጥቂት ቀናት ውስጥ ነበር የለቀቀኝ። አሁን መንግሥት በገላጭ ጽሑፉ ላይ ያልሰፈሩ ዴክሳሜታሶንና ዳይክሎፌናክ የተባሉ መድኃኒቶች ተገኝተውበታል ብሎ ከገበያ እንዲሰበሰብ አዟል። እኔን ግን ምንም አልጎዳኝም። አደገኛ ከነበረ ይህን ያህል ጊዜ ለምን ዝም ተባለ? ሌሎቹንስ የምግብ ማሟያዎች ከእንግዲህ በምን ልመን?»

ምላሽ፦ ወደ ጥያቄዎችዎ ከመግባቴ በፊት አስቸኳዩን ነገር ላስቀድም። እንክብሉን በራስዎ ውሳኔ በአንድ ጊዜ አያቋርጡ፤ ነገር ግን ምንም እንዳልተፈጠረ መውሰድዎንም አይቀጥሉ። ዛሬውኑ ጠርሙሱን ይዘው ሐኪም ዘንድ ይሂዱና ለምን ያህል ጊዜ፣ በቀን ስንት ፍሬ እንደወሰዱ ይንገሩ። ይህን የምለው ላስፈራራዎ ብዬ አይደለም። የመሰብሰብ ማስታወቂያ የሰማ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያደርገው የቀረውን ጥሎ መገላገል ነው፤ በአብዛኞቹ ምርቶች ትክክል የሆነው ይህ እርምጃ በእርስዎ ጉዳይ ግን ራሱን የቻለ አደጋ ሊያመጣ ይችላል።

ምክንያቱ ዴክሳሜታሶን ነው። ይህ መድኃኒት ኮርቲኮስቴሮይድ (በአጭሩ ስቴሮይድ) ከሚባሉት ወገን ሲሆን፣ ኃይሉ ከብዙዎቹ የወገኑ መድኃኒቶች የበለጠ ነው። ከኩላሊቶቻችን ጫፍ ላይ የተቀመጡት ሁለቱ አድሬናል ዕጢዎች ኮርቲሶል የተባለውን ሆርሞን በየዕለቱ ያመነጫሉ፤ ሰውነታችን የደም ግፊቱንና በደሙ ውስጥ ያለውን ስኳር የሚጠብቀው፣ ኢንፌክሽንም ሆነ ጉዳት ሲደርስበት የሚቋቋመው በዚህ ሆርሞን እገዛ ነው። የኮርቲሶልን ሥራ የሚሠራ ኃይለኛ መድኃኒት ለሳምንታትና ለወራት ከውጭ ሲገባ አንጎል ለዕጢዎቹ የሚልከውን ትእዛዝ ይቀንሳል፣ ዕጢዎቹም ሥራ እየፈቱ ይደክማሉ። መድኃኒቱ በድንገት ሲቋረጥ ወዲያው ነቅተው ወደ ሥራቸው አይመለሱም። በዚህ ክፍተት ውስጥ ብርቱ ድካም፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና ማስመለስ፣ የደም ግፊትና የስኳር መውረድ ሊከተል ይችላል፤ በመካከሉ ኢንፌክሽን ወይም ቀዶ ሕክምና ቢያጋጥም ደግሞ ሁኔታው ሕይወትን እስከማሳጣት ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ሐኪሙ መጠኑ በማይታወቀው እንክብል ፋንታ መጠኑ የታወቀ መድኃኒት ሰጥቶ ደረጃ በደረጃ ሊቀንስልዎ ይችላል፤ የጠዋት ኮርቲሶልዎን ለክቶም ዕጢዎችዎ በምን ሁኔታ ላይ እንዳሉ ማወቅ ይችላል። ከላይ ከጠቀስኳቸው ምልክቶች አንዱ አሁን የሚሰማዎ ከሆነ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ሰገራዎ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ከሆነም እንዲሁ ያድርጉ፤ ዳይክሎፌናክ ጨጓራን ሊያደማ የሚችል የሕመም ማስታገሻ መድኃኒት ነውና፣ ከስቴሮይድ ጋር ሲደመር ደግሞ ይህ አደጋ ይጨምራል።

«ምንም አልጎዳኝም» ያሉትን በጥሞና ላየው እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ሕመምተኞች ሲናገሩት ደጋግሜ ከምሰማቸውና ከሚያሳስቡኝ ንግግሮች አንዱ ነው። የእነዚህ መድኃኒቶች ጉዳት በአብዛኛው የሚሰማ አይደለም። የደም ግፊት ሲጨምር አያምም። የስኳር መጠን ከፍ ሲል ለወራት ላይታወቅ ይችላል። የአጥንት መሳሳት የሚታወቀው ብዙውን ጊዜ አጥንት ሲሰበር ነው። ኩላሊትም ቢሆን ብዙ ከተጎዳ በኋላ ነው ምልክት የሚያሳየው። ስለዚህ ሐኪምዎን የደም ግፊት፣ የደም ስኳርና የኩላሊት ምርመራ እንዲያደርግልዎ ይጠይቁት፤ የደም ማቅጠኛ፣ የግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነም መናገር አይርሱ፤ ለእነዚህ መድኃኒቶች የታዘዘልዎ መጠን ያልታወቁት ሁለቱ ኬሚካሎች በሰውነትዎ ውስጥ እያሉ የተወሰነ ሊሆን ይችላልና። ፊትዎ ከቀድሞው ክብ ብሎና ሞልቶ ከሆነ፣ ቆዳዎ በቀላሉ የሚበልዝ ከሆነ፣ ቁስል ለመዳን የሚዘገይብዎ ከሆነ፣ እነዚህ ከእርጅና ወይም ከውፍረት የመጡ ሳይሆኑ የስቴሮይዱ አሻራ ሊሆኑ ይችላሉ።

የእርስዎ ገጠመኝ ብቻውን የቆመ እንዳልሆነም ልጨምር። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2022 ‹አርትሪ ኪንግ› እና ‹ኦርቲጋ› በሚሉ ስሞች ለመገጣጠሚያ ሕመም በሚሸጡ ማሟያዎች ላይ በተደጋጋሚ ባወጣው ማስጠንቀቂያ ካገኛቸው መድኃኒቶች መካከል እነዚሁ ሁለቱ፣ ዴክሳሜታሶንና ዳይክሎፌናክ ይገኙበታል፤ ተጠቃሚዎች በድንገት እንዳያቋርጡ፣ ይልቁንም ከጤና ባለሙያ ጋር እንዲነጋገሩ የተመከረውም ያኔ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ የሚከት ሰው በስህተት አያደርገውም። አንዱ እብጠቱን ያጠፋል፣ ሌላው ሕመሙን ይቆርጣል፤ ውጤቱም ገዢው በሳምንት ውስጥ ተደስቶ ለጎረቤቱ የሚመሰክርለት ምርት ነው።

አሁን ለምን ዘገየ ወደሚለው ልለፍ። ቁጣዎ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን መዘግየቱ የአንድ ባለሥልጣን ስንፍና ብቻ አድርገው ቢያዩት ዋናው ምክንያት ይሰወርብዎታል። በብዙ አገሮች የምግብ ማሟያ በሕግ ዓይን ከመድኃኒት ይልቅ ወደ ምግብ የቀረበ ነው። መድኃኒት ለሽያጭ ከመቅረቡ በፊት ደኅንነቱንና ፈዋሽነቱን አምራቹ ማሳየት አለበት፤ ማሟያ ግን መጀመሪያ ይሸጣል፣ ችግር ካለ በኋላ ይመረመራል። ለብዙዎች ምሳሌ የሆነው በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው ሕግ ማሟያዎችን ከሽያጭ በፊት ማጽደቅን ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት አልሰጠም፤ አምራቾችም እያንዳንዱን ምርታቸውን እንዲያስመዘግቡ አላስገደደም። አንድ ምርት አደገኛ መሆኑን የማስረዳት ሸክም የወደቀው በመንግሥት ላይ ነው። ይህ ማለት ተቆጣጣሪው በገበያው ላይ ምን ምን እንዳለ እንኳ የተሟላ ዝርዝር ሳይኖረው፣ አንዱን ለይቶ፣ ገዝቶ፣ አስመርምሮ፣ አደጋውን አረጋግጦ ነው እርምጃ የሚወስደው።

ይህ ሸክም ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅ የሚያሳየው የኤፌድራ ታሪክ ነው። ኤፌድራ ክብደት ለመቀነስና ጉልበት ለመጨመር ይሸጥ የነበረ የዕፅዋት ማሟያ ሲሆን፣ በውስጡ ያሉት ኤፌድሪንን የመሰሉ ንጥረ ነገሮች የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋሉ። የአሜሪካው ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት የመጠን ገደብ ለማውጣት ሐሳብ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1997 ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 መጀመሪያ ላይ የቤዝቦል ተጫዋቹ ስቲቭ ቤክለር በልምምድ ላይ ወድቆ ሞተ፤ አስከሬኑን የመረመሩት ባለሙያም ኤፌድራው ለሞቱ አስተዋጽኦ ማድረጉን ገለጹ። ክልከላው የወጣው በተከታዩ ዓመት፣ በ2004 ነው። ያም ሆኖ አንድ አምራች ፍርድ ቤት ከሶ በ2005 በመጀመሪያ ደረጃ ተፈረደለት፤ ክልከላው በይግባኝ የጸናው በ2006 ነው። ማሟያን ከገበያ በግዴታ የማሰብሰብ ሥልጣንም ለዚያ መሥሪያ ቤት የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣ ሌላ ሕግ ነው፤ ከዚያ በፊት አምራቹን «እባክህ ሰብስብ» ከማለት፣ ከማስጠንቀቅና ፍርድ ቤት ከመሄድ በቀር ብዙ አማራጭ አልነበረም።

መረጃ በአምራቹ እጅ የሚቆይበት ጊዜም አለ። በጃፓን ኮባያሺ ፋርማሲዩቲካል ከቀይ እርሾ ሩዝ ያዘጋጃቸውን ማሟያዎች በተመለከተ የኩላሊት ጉዳት ሪፖርት ለኩባንያው መድረስ የጀመረው እ.ኤ.አ. በጥር 2024 ሲሆን፣ ለሕዝብ የተገለጸውና የመሰብሰቡ ሥራ የተጀመረው መጋቢት ላይ ነው። በምርመራው ፋብሪካው ውስጥ ከገባ ሻጋታ የመነጨ ፑቤሩሊክ አሲድ የተባለ ንጥረ ነገር ተገኘ። እዚህ ላይ ማንም መድኃኒት አልደበቀም፤ ጉድለቱ የንጽሕናና የመዘግየት ነበር። የጃፓን መንግሥት ከዚያ በኋላ አምራቾች የጤና ጉዳት ሲሰሙ ሳይዘገዩ እንዲያሳውቁ የሚያስገድድ ደንብ አወጣ። ደንቡ ቀድሞ ኖሮ ቢሆን በእነዚያ ሳምንታት እንክብሉን መዋጥ የቀጠሉ ሰዎች ይድኑ ነበር ብዬ አምናለሁ፤ በማንኛውም አገር ዜጎች ከመንግሥታቸው ሊጠይቁት የሚገባው የመጀመሪያው ነገርም የዘመቻ ብዛት ሳይሆን ይህን የመሰለ ግዴታና አስገዳጅ የምርት ምዝገባ ይመስለኛል።

ሌላው የመዘግየት ምክንያት ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው። ብዙ ሰው አንድ እንክብል ተመረመረ ሲባል መሣሪያው በውስጡ ያለውን ሁሉ ዘርዝሮ የሚያወጣ ይመስለዋል። ቤተ ሙከራ ግን በአብዛኛው የተጠየቀውን ነው የሚመልሰው፤ ዴክሳሜታሶን አለ ወይ ተብሎ ከተጠየቀ ዴክሳሜታሶንን ይፈልጋል። ሻጮች ይህን ያውቃሉ። ለወሲብ ብርታት በሚሸጡ ማሟያዎች ውስጥ የሚደበቀው ሲልደናፊል በተለመደው ምርመራ መያዝ ሲጀምር፣ የሞለኪዩሉን አንድ ጫፍ ቀይረው፣ ሥራው ተመሳሳይ የሆነ፣ በሰው ላይ ግን ፈጽሞ ያልተሞከረ ቅጂ ማስገባት ጀመሩ። ይህን ለማግኘት የሞለኪዩሎችን ክብደት የሚለካ ረቂቅ መሣሪያና ያልታወቀን ንጥረ ነገር ከምንም ተነሥቶ የሚለይ ባለሙያ ያስፈልጋል። ከዚህም በላይ የተደበቀው መድኃኒት በአንዱ የምርት ዙር ኖሮ በሌላው ላይኖር፣ በአንዱ እንክብል ትንሽ በሌላው ብዙ ሊሆን ይችላል፤ አንድ ናሙና ንጹሕ ሆኖ መገኘቱ ጠርሙሱ ሁሉ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም።

አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2016 የወጡ ማስጠንቀቂያዎችን የመረመረ ጥናት 776 ማሟያዎች የተደበቀ መድኃኒት እንደተገኘባቸው ቆጥሯል። አብዛኞቹ ለወሲብ ብርታት፣ ክብደት ለመቀነስና ጡንቻ ለመገንባት የሚሸጡ ነበሩ። ክብደት ለመቀነስ በሚሸጡት ውስጥ በብዛት የተገኘው ሲቡትራሚን ሲሆን፣ ይህ መድኃኒት ድንገተኛ የልብ ጥቃትና የስትሮክ አደጋን በመጨመሩ እ.ኤ.አ. በ2010 ከገበያ የወጣ ነው። በሐኪም ትእዛዝ እንኳ እንዳይሰጥ የተደረገ ነገር «ተፈጥሯዊ» በሚል ጽሑፍ ተሸፍኖ ይመለሳል ማለት ነው። ለደረት ሕመም ናይትሬት የሚወስድ ሰው ሳያውቅ የተደበቀ ሲልደናፊል ቢውጥ የደም ግፊቱ በአንድ ጊዜ ሊወድቅ ይችላል።

የገላጭ ጽሑፍ ውሸት የተደበቀ መድኃኒት ብቻ እንዳልሆነም ማወቅ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2023 በአሜሪካ ይፋ በሆነ ምርመራ ‹የቴሆኮቴ ሥር› ተብለው ክብደት ለመቀነስ በኢንተርኔት ከሚሸጡ 10 ምርቶች መካከል 9ኙ ቢጫ ኦሊያንደር ሆነው ተገኙ። ይህ ተክል ዲጎክሲን እንደሚባለው የልብ መድኃኒት ዓይነት መርዛማ ንጥረ ነገሮችን የያዘ ሲሆን፣ የልብን ምት አዛብቶ ሊገድል ይችላል። ተክሉ ከተቆረጠና ከደረቀ በኋላ ገዢው በዓይኑ ሊለየው የሚችልበት መንገድ የለም። በመጠን በኩል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2008 የሆነውን ልጥቀስ፦ አንድ ፈሳሽ ማሟያ በጽሑፉ ላይ 200 ማይክሮ ግራም ሴሌኒየም በአንድ መጠን ይዟል ይላል፤ ሲለካ ግን 40,800 ማይክሮ ግራም ሆኖ ተገኘ። ከ200 በላይ ሰዎች ታመሙ፤ ፀጉራቸው ረገፈ፣ ጥፍራቸው ተሰነጣጠቀ፣ ተቅማጥና ድካም ያዛቸው። በዚህ ምርት ውስጥ የተጻፈውና ያለው ንጥረ ነገር አንድ ነው፤ የመጠን ስህተቱ ብቻ ለመርዝነት በቃ። ሴሌኒየም ለሰውነት አስፈላጊ መሆኑ ከዚህ አላዳናቸውም።

ከገበያ ይሰብሰብ ማለትና መሰብሰብም አንድ አይደሉም። መድኃኒት ተደብቆባቸው እንዲሰበሰቡ የተደረጉ 27 ማሟያዎችን ተመራማሪዎች ቢያንስ ከ6 ወር በኋላ እንደገና ገዝተው ሲመረምሩ በ18ቱ ውስጥ አሁንም የተከለከለ መድኃኒት አገኙ፤ ይህ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ውጤት ነው። ቀደም ብዬ በጠቀስኩት የ776 ምርቶች ጥናት ውስጥ ደግሞ 28 ምርቶች ከአንድ ጊዜ በላይ ማስጠንቀቂያ ወጥቶባቸዋል፤ በ19ኙ የተገኘው ከበፊቱ የተለየ አዲስ መድኃኒት ነበር። አምራቹ አንዱ ሲያዝበት ሌላውን ተክቷል ማለት ነው። ስለዚህ እርስዎ የወሰዱት ምርት ነገ በሌላ ስምና በሌላ ቀለም ማሸጊያ ቢመጣ፣ ወይም «አሁን ተስተካክሏል» ቢባል፣ አይመለሱበት።

ሌሎቹን በምን ልመን ላሉት፣ ሙሉ እምነት የሚሰጥ ምልክት ልነግርዎ አልችልም፤ ጥርጣሬን የሚያጸኑና የሚያቀሉ ነገሮች ግን አሉ። ከሁሉ በላይ የማስቀድመው ፍጥነትን ነው። ግሉኮሳሚንን የመሰሉ ለመገጣጠሚያ የሚሸጡ ማሟያዎች በጥናት ያሳዩት ውጤት ቢበዛ መጠነኛ ነው፣ ከታየም ሳምንታት ይወስዳል፤ አንዳንዶቹ ጥናቶች ከባዶ እንክብል የተለየ ጥቅም አላገኙም። ስለዚህ በሁለትና በሦስት ቀን ሕመም የሚያጠፋ፣ በሳምንት ኪሎ የሚያወርድ ወይም በሰዓት ውስጥ ብርታት የሚሰጥ ማሟያ በጣም መልካም ስለሆነ ሳይሆን መድኃኒት ስላለበት ነው ብሎ መጠርጠር ይሻላል። የእርስዎ እንክብል በጥቂት ቀናት ማሻሉን የጥሩነቱ ማስረጃ አድርገው ጠቅሰውታል፤ እኔ ግን ማስታወቂያውን ሳላነብ ይህን ብቻ ብሰማ ኖሮ እንዲመረመር እጠይቅ ነበር።

ከዚህ ቀጥሎ የጽሑፉን ቃል ይመልከቱ። በሽታ እፈውሳለሁ፣ የስኳር ወይም የግፊት መድኃኒትን እተካለሁ የሚል ማሟያ በብዙ አገሮች ሕግ የተከለከለ ቃል ነው የሚናገረው፤ በዚያ ነጥብ ሕግ የጣሰ አምራች በንጥረ ነገሩም ሐቀኛ ይሆናል ብዬ አልጠብቅም። የንጥረ ነገሮቹን ስም ዘርዝሮ የእያንዳንዱን መጠን ሳይጽፍ «ልዩ ቅንብር» እያለ በጅምላ አንድ ክብደት የሚጽፍ ምርትም አይመቸኝም፤ ሐኪምዎ ሊያሰላው የሚችለው ነገር አይተውለትምና። ‹ዩ.ኤስ.ፒ.› ወይም ‹ኤን.ኤስ.ኤፍ.› የተባሉት ተቋማት የሚሰጧቸው የማረጋገጫ ምልክቶች በምርቱ ላይ ካሉ ይጠቅማሉ፤ ተቋማቱ የተጻፈው ንጥረ ነገር በተጻፈው መጠን መኖሩንና ጎጂ ባዕድ ነገሮች ከገደብ አለማለፋቸውን ይመረምራሉ። ምልክቱ ይሠራል ወይም ያድናል ማለት አይደለም፤ ምልክቱን ራሱን አስመስሎ ማተምም ስለሚቻል ምርቱን በተቋሙ ዝርዝር ውስጥ ፈልጎ ማመሳከር ይገባል። ገላጭ ጽሑፉ እውነተኛ የሆነ ማሟያም ቢሆን ከመድኃኒት ጋር ሊጋጭ ይችላል፤ ለድብርት የሚወሰደው ሴንት ጆንስ ወርት የተባለ ዕፅ የወሊድ መቆጣጠሪያን፣ የደም ማቅጠኛውን ዋርፋሪንንና የተተከለ ኩላሊት እንዳይጠላ የሚሰጠውን ሳይክሎስፖሪንን ኃይል ይቀንሳል።

በመጨረሻ፣ እርስዎ በእጅዎ ያለው ነገር ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ዋጋ አለው። ሥርዓቱ ከሽያጭ በኋላ የሚነቃ በመሆኑ የሚነቃው በሪፖርት ነው፤ ብዙዎቹ ተጠቃሚዎች ግን ሪፖርት አያደርጉም፣ ሐኪሞችም ሕመምተኛው ማሟያ መውሰዱን ስለማይነግራቸው ጉዳቱን ከምርቱ ጋር አያያይዙትም። የቀረውን እንክብል አይጣሉ፣ ለሌላ ሰውም አይስጡ፤ ከዋናው ጠርሙስ ሳያወጡ ከልጆች ርቆ ያስቀምጡት። የባች (የምርት ዙር) ቁጥሩን፣ የአገልግሎት ማብቂያ ጊዜውንና የአምራቹን አድራሻ ፎቶ ያንሱ፤ የገዙበትን ቦታና ቀን፣ የወሰዱትን መጠን፣ የተሰማዎትን ለውጥ፣ ጥሩውንም ጭምር፣ ይጻፉ። የምርመራ ውጤቶችዎ ሲደርሱ ቅጂያቸውን ያያይዙና በሐኪምዎ ወይም በፋርማሲ ባለሙያ በኩል የጉዳት ሪፖርቱን ያስገቡ። ማስታወቂያው የጠቀሰው የባች ቁጥር ከእርስዎ ጠርሙስ ጋር ባይገጥም እንኳ ሪፖርቱን አይተዉት፤ መሥሪያ ቤቱ የመሰብሰብ ትእዛዙን ወደ ሌሎች የምርት ዙሮች ሊያሰፋ የሚችለው እንዲህ ያለ ጠርሙስ ሲደርሰው ነው።